ከሦስት መቶ ስልሳው በኋላ

ዘመንን በቁጥር የሠራ፣ ራሱ ግን በቁጥር የማይወሰን የአምላክ ስም አስቀድሞ ይመስገን። በእርሱ ስም ጀምሬ፣ ባለፈው ጥር በሐይቅ ከተማ ስላረፈው ስለ መምህር እንድሪስ እጽፋለሁ።

ሞቱን የነገረኝ አንድ የባጃጅ ነጂ ነው። ከእስጢፋኖስ ገዳም ወጥቼ በእግሬ ወደ ከተማው ስመለስ አጠገቤ አቆመና፣ «የኔታ፣ መምህር እንድሪስ ወደ አኼራ ሄዷል። ቀብሩ ከዙህር ሰላት በኋላ ነው፤ ይግቡ ላድርስዎ» አለኝ። ገባሁ።

ሰላቱ ተሰግዶ፣ አፈሩ ተመልሶ፣ ሰው መበታተን ሲጀምር ከፊቴ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ። አንዱ፣ «ምስኪን፣ አእምሮው እንኳ ቀድሞት ከሄደ ቆይቷል» አለ። ሁለተኛውም፣ «ከጦርነቱ ወዲህማ ሰውየው አልነበረም» ሲል መለሰለት። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በቀብር ቦታ የምከራከርበት ጉልበት የለኝም። ነገር ግን ያ ወሬ መጀመሪያ ከማን አፍ እንደ ወጣ አውቃለሁ። ከእኔ አፍ ነው። በቃል የተነገረውን በቃል ማስመለስ ስላቃተኝ እነሆ በጽሑፍ እሞክራለሁ።

መምህር እንድሪስ የተወለደው አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ ከፍ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሐይቅ ሒሳብ አስተምሯል። ረጅምና ቀጭን ሰው ነበር፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም ከኮቱ ኪስ ጠመኔ አይጠፋም። በሰባት ዓመት ስለምበልጠው እኔ አንተ እለዋለሁ፣ እርሱ ግን እስከ መጨረሻው እርስዎ እንዳለኝ ኖረ። አንድ ልማድ ነበረው፤ ሰው ነገር ሲያጋንን ዝም ብሎ አያልፍም። ገበያ ውስጥ አንዱ፣ «ለዚህ ልጅ ሺህ ጊዜ ነገርኩት» ሲል ከሰማ ዘወር ብሎ፣ «ማን ቆጠረልህ?» ይላል። በዚህ የተነሣ ሰዉ እርሱ ባለበት «ብዙ ጊዜ» ማለትን ለመደ። ለዚያም ቢሆን፣ «ብዙ ስንት ነው?» ማለቱ አይቀርም ነበር።

ከእርሱ ጋር ያወዳጀን ባሕረ ሐሳብ ነው። አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበትን ይህን የቁጥር ትምህርት በቤቴ ደጃፍ ለደቀ መዛሙርት ሳስተምር አንድ ቀን መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። በሳምንቱ ደግሞ መጣ። በአንድ ወር ውስጥ አበቅቴና መጥቅዕ ማውጣት ቻለ፤ ደቀ መዛሙርቱ ግማሽ ዓመት የሚፈጅባቸውን ነው። በመጨረሻም፣ «የኔታ፣ የእርስዎን ቁጥር ወስጃለሁ፤ አሁን ደግሞ የእኔን ልስጥዎ» አለኝ።

ይዞኝ የሄደው ከሱቅ በር ወደ ቆመ ባጃጅ ነበር። ከኪሱ ክር አውጥቶ በጎማው መሐል ከዳር እስከ ዳር ለካና ቆረጠ። ከዚያም ቁራጩን በጎማው ዙሪያ እያስከተለ ያዞር ጀመር። ነጂው ከሱቁ ወጥቶ ለጥቂት ጊዜ ካየን በኋላ፣ «ጋሼ፣ ጎማዬን ለከፈን ነው የምትለኩት?» አለ።

«ዝም በል፤ ነፍስ ያለው ነገር ነው» አለው እንድሪስ። ወደ እኔም ዞሮ፣ «ዙሪያው የመሐሉን ስፋት ስንት ጊዜ የሚይዝ ይመስልዎታል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ሦስት ጊዜ» አልሁት። በጥንቱ ቤተ መቅደስ የነበረው የናስ ኩሬ ከዳር እስከ ዳር ዐሥር ክንድ፣ ዙሪያውም ሠላሳ ክንድ እንደ ነበር ከልጅነቴ ተምሬአለሁና።

ክሩን ሦስት ጊዜ አዞረ። ጥቂት ጎደለው፤ የጣት ርዝመት የምታህል ክፍተት ቀረች። ጣቱን እዚያ ላይ አድርጎ፣ «ኩሬውን የሠራው አንጥረኛ ደክሞት ይሆናል፤ ይህችን ለእኛ ተወልን» አለ። ያቺ ትርፍ በቁጥር ስትጻፍ መጨረሻ እንደሌላት፣ ሊቃውንቱ ፓይ ብለው እንደሚጠሯት፣ ከሦስቱ በኋላ አንድ፣ አራት፣ አንድ፣ አምስት፣ ዘጠኝ እያለች እስከ ዓለም ፍጻሜ ብትጻፍ እንደማታልቅ የነገረኝ በዚያ ቀን ነው። ቤቴ ገብቼ ለረጅም ጊዜ አሰብሁበት። መጨረሻ የሌለው ነገር በባጃጅ ጎማ ውስጥ አለ ብሎ የነገረኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ከኮሌጅ መጽሐፍ የገለበጣቸውን የዚህን ቁጥር አሐዞች በአንድ ጠንካራ ደብተር ይዟቸው ነበር፤ በየዐሥሩ ከፍሎ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ። በውስጣቸው ያገኘውን ጥቂት በጥቂት ያሳየኝ ነበር። ከሦስቱ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሃያ አሐዞች ቢደመሩ ልክ መቶ ይሆናሉ። ዜሮ እስከ ሠላሳ ሁለተኛው ድረስ ጨርሶ አይታይም። በሰባት መቶ ስልሳ ሁለተኛው ላይ ዘጠኝ ይመጣና ስድስት ጊዜ ተከታትሎ ይቆማል። «እዚያ ስደርስ ወንበር ያገኘሁ ይመስለኛል» ይለኝ ነበር።

አንዱን ግን አንድ ዓመት ሙሉ ደብቆኝ ቆየ። በመጨረሻ አፈር አፈሩን እያየ የመጀመሪያዎቹን መቶ አርባ አራት አሐዞች እንድደምር ነገረኝ። ደመርሁ፤ ስድስት መቶ ስልሳ ስድስት ሆነ። ደግሜ ደመርሁ። ይህ ቁጥር በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ብድግ ብዬ ሄድሁ፤ ሦስት ቀንም አልተመለስሁም። በአራተኛው ቀን ራሱ መጣና ከደጃፌ ቆሞ፣ «የኔታ፣ ቀጣዩ አሐዝ አራት ነው» አለኝ።

«እና?»

«ስድስት መቶ ሰባ ይሆናል። እዚያ ላይ የቆሙት እርስዎ ነዎት፤ ቁጥሩ አልቆመም።»

ሳልወድ ሳቅሁ። «ማለቂያ በሌለው ነገር ውስጥ የሚፈልጉት ሁሉ ይገኛል» አለኝ በዚያው ቀን። «ስለዚህ ያገኙትን ሳይሆን የፈለጉትን ይጠይቁ።» ይህን ያለኝ ሰው፣ እኔ ፈልጌ ባገኘሁት ነገር በኋላ ምን እንደሚደርስበት አያውቅም ነበር።

እኔ ፈልጌ ያገኘሁት ይህ ነው። ደብተሩን ተውሼ አሐዞቹን ለራሴ በግእዝ ቁጥር እገለብጥ ነበር። የግእዝ ቁጥር ለዜሮ ምልክት የለውም፤ በባሕረ ሐሳብ ቀሪ ሲጠፋ «አልቦ» እንላለን። ስለዚህ ዜሮ በመጣ ቁጥር አልቦ ብዬ እጽፍ ነበር። ሦስት መቶ አምሳ ስምንተኛው ላይ ስደርስ ሦስት፣ ስድስትና ዜሮ ተከታትለው መጡ፤ ዜሮው የወደቀው ልክ በሦስት መቶ ስልሳኛው ቦታ ነው። ሦስት መቶ ስልሳ በሦስት መቶ ስልሳ ላይ። ጳጉሜን ሳትቆጠር ዐሥራ ሁለቱ ወሮቻችን በሠላሳ በሠላሳው የሚሰጡት ቀን ነው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እንደ ሌሎቹ አሐዞች ለየብቻ በመጻፍ ፋንታ፣ በቀይ ቀለም ፫፻፷ ብዬ እንደ አንድ ሙሉ ቁጥር አስጌጥሁት። ለእንድሪስ ሳሳየው ቀዩን ብቻ አየና፣ «የእርስዎ ዓመት እዚህም ገባ» ብሎ ሳቀ። ወረቀቱንም አጥፌ በሣጥን አኖርሁት።

የአባቱ የመጨረሻ ዓመታት ከባድ ነበሩ፤ ልጆቹን እስከ መርሳት ደርሶ ነው የሞተው። እንድሪስ ይህን ከማንም በላይ ይፈራ ነበር፤ ምክንያቱም በአካባቢው ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጥ፣ የብዙ ሰው ድንበርና ስምምነት በልቡ የተያዘ ሰው ነበር። ጡረታ በወጣ ዓመት ከቤቱ አጥር ውጭ ካለው የዋንዛ ዛፍ ሥር አስቀምጦኝ ይህን ለመነኝ፤ «በየጧቱ እስከ ስድስቱ ዘጠኞች ድረስ በቃሌ ልበልልዎት። እርስዎ ደብተሩን ይዘው ይከተሉኝ። የተሳሳትኩ ዕለት ይንገሩኝ፤ ከዚያ ቀን በኋላ በሰው ጉዳይ አልቀመጥም። ቃል ይግቡልኝ።»

ቃል ገባሁ።

እርሱ ከሱብሂ ሰላት፣ እኔ ከኪዳን እየተመለስን በዚያ ዛፍ ሥር እንገናኝ ነበር። በአውራ ጣቱ የጣቶቹን አንጓ እየነካ ሰባት መቶ ስልሳ ሰባቱን አሐዞች ይላቸዋል፤ እኔም በደብተሩ ላይ በጣቴ እከተላለሁ። ቢሳሳት መቋሚያዬን መሬት ላይ አንድ ጊዜ እንድመታ ተስማምተን ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልመታሁም። ሲታመም፣ ሚስቱ ስትሞት፣ ልጁ ዘይነባ ወደ ጅዳ ስትሄድ፣ አልመታሁም።

ከዚያ ጦርነቱ እኛ ዘንድ ደረሰ። ሰው ሁሉ ወደየዘመዱ ተበተነ። ስንመለስ የእንድሪስ ቤት ተከፍቶ፣ መጻሕፍቱና ደብተሮቹ ለእሳት ማቀጣጠያ ሆነው አገኘናቸው። መብራትም ሆነ ስልክ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አልነበረም። ሁለታችንም ከስተን ነበር። እርሱ ግን በተመለስን በሦስተኛው ጧት ከዋንዛው ሥር ተቀምጦ ጠበቀኝ።

«ደብተሩ የለም» አልሁት።

«የእርስዎ ወረቀት አለ አይደል?»

ነበረ። በገዳሙ ባኖርሁት ሣጥን ውስጥ ድኗል። አመጣሁትና ዘረጋሁት፤ እርሱም ጀመረ። ድምፁ ቀጥኗል እንጂ ፍጥነቱ እንደ ዱሮው ነው። «ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ዘጠኝ፣ ዜሮ፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ አንድ» ሲል በወረቀቴ ላይ ከቀዩ ፫፻፷ ቀጥሎ ያለው አንድ ነው። መቋሚያዬን አነሣሁ። መምታት ከበደኝ፤ ሆኖም ቃል ገብቻለሁ። መታሁ።

«ምን ላይ?» አለ።

«ከሦስት መቶ ስልሳው በኋላ። አንድ ዜሮ ጨመርህ።»

ከሦስት መቶው ጀምሮ ደገመው። አሁንም ሁለት ዜሮ አለ። ሦስተኛ ጊዜም ሁለት። «ለእኔ ሁለት ነው የሚመጣልኝ» አለኝ። «ሲገለብጡ ዘለው ቢሆንስ?»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የመለስሁለት ቃል ይህ ነው፤ «እኔ ስንት ዳዊት የገለበጥሁ ሰው ነኝ፤ እጄ አይስትም።»

«ልክ ነው» አለ። «ወረቀት አያረጅም፤ ያረጀሁት እኔ ነኝ።» ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና ወደ ቤቱ ገባ። በማግሥቱ ወደ ዛፉ አልወጣም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሽምግልና አልተቀመጠም። ሰዎች ምክንያቱን ሲጠይቁኝ፣ «ሐሳቡ መሳት ጀምሯል» አልኋቸው። እውነት እየተናገርሁ መስሎኝ ነበር። ቃሉ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተለወጠ፤ ማክሰኞ «መሳት ጀመረ» ያልሁት፣ ቅዳሜ «አእምሮው ሄደ» ሆኖ ተመልሶ ወደ እኔው መጣ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፋጡማ ወደ እርሱ መጣች። ፋጡማ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት ናት። የባሏ ወንድም ሐሰን በስደቱ ወራት ከድንበሩ አልፎ አርሶባታል፤ የድንበሩን ድንጋይም ነቅሎታል። ከብዙ ዓመት በፊት መሬቱ ሲከፈል ከነበሩት ሽማግሎች በሕይወት የቀረው እንድሪስ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ መጥተው ይጠቁሙልኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅም» አለችው።

«ልጄ፣ የእኔ ማስታወስ ተመስክሮበታል። ሦስት እርምጃ ብስት የአንዱን ሐቅ ለሌላው መስጠቴ ነው» አላት።

ከእርሱ ወጥታ ወደ እኔ መጣች። «የኔታ፣ እርስዎ ይንገሩት። ያውቃል እኮ፤ ዓይኑን አይቸዋለሁ፣ ያውቃል» አለችኝ። እኔም፣ ከስሕተት የሚጠብቀው እግዚአብሔር ነውና አታስጨንቂው ብዬ መለስኋት። ምስክር ያጣው መሬቷ በሐሰን እጅ ሁለት ምርት ሰጠ።

እንድሪስ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቀ ይውል ነበር። እጠይቀዋለሁ፤ ስለ ዝናብና ስለ እህል እናወራለን። ቁጥር አያነሣም። አንድ ጊዜ ብቻ ከአጠገባችን ያለ ሰው፣ «መቶ ጊዜ ደወልኩለት» ሲል አንገቱን ቀና አደረገ። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። መልሶ አቀረቀረ።

ስልኩ ከተመለሰ ከጥቂት ወራት በኋላ ዘይነባ ከጅዳ መጣች። ልጠይቃት ሄድሁ። አባቷ ተኝቷል፤ እኛ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። «አባ ጧት ጧት የሚለው ቁጥር በስልክ ውስጥ አለ እኮ። እዚያ ሆኜ ሲናፍቀኝ አወጣዋለሁ። አላነበውም፣ አየዋለሁ ብቻ» አለችኝ። ወረቀቴን ላሳያት ብዬ ከቤቴ አመጣሁት፤ እጅ ጽሑፌ እንዲደነቅልኝም መፈለጌን አልክድም። እርሷ ከስልኩ በየዐሥሩ ታነባለች፣ እኔ በጣቴ እከተላለሁ። «ሦስት፣ ስድስት፣ ዜሮ» አለች፤ ጣቴን ከቀዩ ላይ አነሣሁ። «ዜሮ፣ አንድ፣ አንድ።»

«መልሰሽ በዪው» አልኋት።

መለሰችው። ሁለት ዜሮ ነው። ቀዩን ቁጥር በአንድነት ስጽፍ ዜሮው በውስጡ አለ ብዬ አልቦን አልጻፍሁም፤ ያን ዜሮ ግን ሌላ ዜሮ ተከትሎት ነበር። ሁለቱንም በአንድ ስልሳ ውስጥ ቀብሬአቸዋለሁ። በደስታ ስለጻፍሁት ደግሜ አላየሁትም።

ዘይነባ ምን እንደሆንሁ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ «አባን ራስዎ ይንገሩት፤ እኔ አልችልም» አለች።

ሲነቃ ነገርሁት። ከእግሩ ሥር ተቀምጬ ወረቀቱንም ስልኩንም አሳየሁት።

«ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ጤነኛ ነበርኩ» አለ።

«ነበርህ።»

«ደክሞኛል እኮ የኔታ። የረሳ ሰው ማንም አይጠይቀውም፣ ማንም አይጠራውም፤ ለምጄው ነበር። አሁን ደግሞ እንደ ገና ጤነኛ ልሁን?»

ጣቶቹን ዘርግቶ ቁጥሩን ቀስ ብሎ ይል ጀመር። መቶኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እንደ ገና እዚያው ቆመ። «ያን ጊዜ ነበረ» አለ። «አሁን በእውነት ሄዷል። ካልደጋገሙት አይቆይም።» ሳይቆጣ ነው የተናገረው፤ ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። «አውፍ በለኝ» ብዬ በራሱ አነጋገር ይቅርታ ጠየቅሁት። «አውፍ ብያለሁ» አለ። «የእኔ ቀላል ነው። የፋጡማን ግን እኔ አውፍ ልል አልችልም። ዘይነባ፣ ምርኩዜን ስጪኝ።»

«አባ፣ ዛሬውኑ?»

«ቁጥሩን በየጧቱ ስለምለው ነው የቆየው። ድንበሩን ግን ብዬው አላውቅም፣ እንዲያው በልቤ ነው ያለው። እስከ መቼ እንደሚኖር በምን አውቃለሁ?»

ያን ቀን አልተሄደም፤ ሽማግሎችን መሰብሰብ አራት ቀን ፈጀ። በአምስተኛው ቀን አርዲቦ ዳር፣ በዚያው ማሳ ላይ ተቀመጥን። ሦስት ሽማግሎች፣ ፋጡማ፣ ሐሰን፣ እንድሪስና እኔ። ወረቀቴን ዘርግቼ ስሕተቴን በሰው ፊት ተናገርሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርሁበት ጊዜ የለም።

ሐሰን ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «የኔታ፣ ያኔ እሱ ተሳሳተ አሉ፤ ዛሬ እኔ ተሳሳትኩ ይላሉ። ከነገ ወዲያስ የማን ተራ ነው?» አለ። ከሽማግሎቹ ሁለቱ ሳቁ። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ተገቢ ነበር።

ፋጡማ አልሳቀችም። «እኔም ልጠይቅ» አለች። «ዐሥራ አንድ ዓመት ሲናገር ሰምተውታል፤ አንድ ቀን ስቶ አያውቅም። ከወረቀቱ ጋር በተጣላበት በመጀመሪያው ቀን እንዴት ወረቀቱን አመኑ?»

ሁሉም ወደ እኔ ተመለከተ። በወጣትነቴ የብራና መጻሕፍት ስገለብጥ፣ በየመጨረሻው ገጽ ጸሓፊው «ስሕተት ብታገኙ ይቅር በሉኝ» ብሎ የሚለምነውን ልመና እኔም ስንት ጊዜ ጽፌአለሁ። ለምን እንደሚጻፍ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ይህን ልነግራት ፈለግሁ፤ ሆኖም መልስ አይሆንም። «አላውቅም ልጄ» አልኋት።

እንድሪስ ተነሣ። «ወሬውን ተዉት፤ መሬቱ ይናገር» አለ። ከሐይቁ ዳር ካለው ትልቅ ግራጫ አለት ጀርባውን አስደግፎ ወደ ኮረብታው ፊቱን አቀና፤ ቀስ ብሎም ይራመድ ጀመር። ዘይነባ ልትደግፈው ስትጠጋ በእጁ መለሳት። ኀምሳ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ምርኩዙን ተከለ። ቦታው ከሐሰን ቡቃያ መካከል ነው።

«እዚህ ቆፍሩ። ድንጋዩን ስንተክል ከሥሩ ከሰል ቀብረናል፤ አንድ እንቅብ ሙሉ።»

«እዚያ ምንም የለም፤ ሁለት ጊዜ አርሸዋለሁ» አለ ሐሰን።

«ማረሻ እዚያ አይደርስም። እስከ ጉልበት ነው የቀበርነው።»

የፋጡማ ጎረቤት ዶማ አምጥቶ ቆፈረ። አፈሩ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ደግሞም ቡናማ። ጉድጓዱ ከጉልበት በላይ ሲሆን ሐሰን ፈገግ አለ። እንድሪስ ግን ዓይኑን ከጉድጓዱ አላነሣም። «ጥቂት ወደ እኔ» አለ። ዶማው ዞረ፤ ወዲያው አፈሩ ጠቆረ። ሰውየው በእፍኙ ዘግኖ ወደ ላይ አወጣው፤ ከሰል ነው፤ ጣቱን ሁሉ አጠቆረው። ሐሰን ጎንበስ ብሎ ነካው። ከዚያ ሄዶ ከማሳው ዳር የታሰሩትን በሬዎቹን ፈታ።

መሬቱ ለፋጡማ ተመለሰ። የሁለቱ ዓመት ምርት ግን የሚመለስ አልነበረም፤ እርሷም አልጠየቀችም። ስንለያይ እኔን፣ «ዛሬ እዚህ የተናገሩትን በየቦታው ይናገሩ፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው የድሮውን ነው» አለችኝ። በየደጁ፣ በየገበያው ተናገርሁ። ሰዎች ይሰማሉ፣ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ በማግሥቱም ያንኑ ይላሉ። አዲሱ ነገር ረጅም ነው፤ አሮጌው ሁለት ቃል ብቻ ነው።

እንድሪስ ከዚያ በኋላ ወደ ዋንዛው አልተመለሰም። ባለፈው ታኅሣሥ ሕመሙ ሲጸናበት አስጠራኝ። ወረቀትና ብዕር ይዤ እንድመጣ ዘይነባ ነገረችኝ። «በልቤ የቀሩትን ድንበሮች ይጻፉልኝ» አለ። ሦስት ቀን ጻፍን። ስለ እያንዳንዱ ከየት እንደሚነሣ፣ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ከሥሩ ምን እንደ ተቀበረ ይነግረኛል፤ እጽፋለሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለታለሁ። ከእኔ በኋላ ዘይነባ ራሷ እንድታነብለት ያደርጋል። ሁለታችንም አንድ ዓይነት ካነበብን፣ «ይቀጥል» ይላል። እንደዚህ የሰባት ቤተሰብ ድንበር ተጻፈ።

ስምንተኛው በውጫሌ መንገድ ያለ የሁለት ወንድማማቾች ማሳ ነበር። «ከቁልቋሉ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ» ብሎ ጀመረ። ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ፤ አውራ ጣቱ በጣቶቹ አንጓ ላይ ሲሄድና ሲመለስ አየሁት። ብዕሬን ይዤ ጠበቅሁ። ዘይነባም ጠበቀች።

«ሠላሳ አራት ይሁን ሠላሳ ስድስት እርግጠኛ አይደለሁም» አለ።

«ሁለቱንም ልጻፍ?» አልሁት።

«አይጻፉ። ይህችን አላውቃትም። አላውቃትም ብሏል ብለው ይንገሯቸው፤ ሁለቱ ተነጋግረው ይስማሙ።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሰባቱን አውቃለሁ» አለ።

አእምሮው ሄዶ ነበር ለምትሉ ሁሉ፣ ከሞቱ ሦስት ሳምንት በፊት የተናገረው ቃል ይህ ነው። ሰባቱ ጽሑፎች በየባለቤቶቹ እጅ ናቸው። ስምንተኛው ገጽ ባዶ ነው፤ ያለውም እኔ ዘንድ ነው።

ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ ይህን የምታነቢ እኅቴ፤ ከጻፍሁት ውስጥ የሳትሁትን ብታገኙ አርማችሁ አንብቡ፤ ለእኔም ንገሩኝ። የድካማችንን ልክ የሚያውቅ አምላክ ለቤታችሁ ሰላምን፣ ለማሳችሁ ዝናብን፣ ለሽማግሎቻችሁ የሚያምናቸውን ጎረቤት ይስጥ። ልጆቻችሁን ይጠብቅ፤ እናንተንም እስከ ዕለተ ሞታችሁ የምታውቁትን ከማታውቁት የምትለዩ ያድርጋችሁ። አሜን።